ስለ ሕፃናት አንደበትና ስለ ባለሙያ ቃል

ልጃችሁ ሲናገር ቃሉ እየተቋረጠ ቢንተባተብ ወደ ንግግር ባለሙያ መውሰዳችሁ የተገባ ነው። ነገር ግን ይህ ባለሙያ እንደ ሌላው ሐኪም የሚቀባው ቅባት፥ የሚያጠጣውም መድኃኒት የለውም፤ መሣሪያው ቃል ብቻ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። ቃሉ ሐሰት ሲኾን ምን ያኽል እንደሚጎዳ የሚያስረዳ አንድ እውነተኛ ታሪክ በአሜሪካ አገር ስለ ተደረገ ዛሬ እንተርክላችኋለን። ዓመቶቹን ኹሉ የቈጠርነው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

በአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ዌንደል ጆንሰን የሚባሉ መምህር ነበሩ። ከልጅነታቸው ጀምሮ ይንተባተቡ ስለ ነበር የችግሩን ምንጭ ለማግኘት ዕድሜያቸውን ሙሉ ደከሙ። ሐሳባቸውም እንዲህ ነበር፤ ሕፃን ኹሉ መናገር ሲለምድ ይደነቃቀፋል፤ ነገር ግን ወላጆቹ ተንተባታቢ ብለው ሲሰይሙትና ሲያርሙት ልጁ ይፈራል፤ በፍርሃቱም የተነሣ በእውነት ተንተባታቢ ይኾናል። ለሚሰማው ሰው ደስ የሚል ሐሳብ ነው፤ የተፈተነበት መንገድ ግን ክፉ ኾነ።

በ1939 ዓ.ም. ከጃንዋሪ እስከ ሜይ ወር ድረስ ሜሪ ቱዶር የምትባል የጆንሰን ተማሪ በዳቬንፖርት ከተማ ወደ ነበረው የእጓለ ማውታ ቤት እየተመላለሰች 22 ልጆችን መረመረች። ከነዚህም 10ሩ ይንተባተባሉ የተባሉ፥ 12ቱ አንደበታቸው ደኅና የኾነ ነበሩ። ከደኅነኞቹም 6ቱ ተለይተው መንተባተብ እንደ ጀመራቸው፥ በብርቱ ፈቃድ ሊያቆሙት እንደሚገባ፥ አስተካክለው መናገር ካልቻሉም ዝም ማለት እንደሚሻላቸው ተነገራቸው። ይኸው ሐሰት ለቤቱ መምህራንና አሳዳጊዎች እንደ እውነት ስለ ተነገራቸው እነርሱም ልጆቹን በየጊዜው ያርሟቸው ጀመር። እንግዲህ ልጆቹን ሊጠብቁ የተሾሙት ሰዎች ሳያውቁት የጉዳቱ መሣሪያ ኾኑ ማለት ነው።

ልጆቹ ለዘለቄታው ተንተባታቢዎች አልኾኑም፤ መዝገቡን በኋላ ዘመን እንደ ገና የመረመሩ ሊቃውንት ይህን ጽፈዋል። ጉዳቱ የመጣው በሌላ በኩል ነው። ከነርሱ አንዳንዶቹ ከሰው ጋራ መነጋገርን ፈሩ፤ ሲጠየቁ ባጭሩ መልሰው ዝም ይሉ ነበር፤ አፋቸውን ከመክፈታቸው በፊት ያፍሩ ነበር። ቱዶርም ምርመራው ካለቀ በኋላ ልታጽናናቸው ተመልሳ ሄደች። በ1940 ለመምህሯ በጻፈችው ደብዳቤም በጊዜ ብዛት ይድናሉ ብላ እንደምታምን፥ ነገር ግን በልጆቹ ላይ ምልክት እንደ ተዉባቸው ገለጸች። የሥራ ባልንጀሮቻቸው ነገሩን የጭራቅ ምርመራ ብለው እንደ ሰየሙት ይነገራል። ጽሑፉም ሳይታተም በዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ተቀመጠ፤ ጆንሰንም በ1965 ዓ.ም. ዐረፉ።

ልጆቹ የተደረገባቸውን ያወቁት ሸምግለው ሳሉ፥ በ2001 ዓ.ም. ሳን ሆዜ መርኩሪ ኒውስ የተባለው ጋዜጣ ታሪኩን ሲገልጠው ነው። በዚያው ዓመት ዩኒቨርሲቲው በይፋ ይቅርታ ጠየቀ። ጉዳዩም ወደ ፍርድ ቤት ቀርቦ በ2007 ዓ.ም. የአዮዋ መንግሥት በሕይወት ላሉትና ለሞቱት ወራሾች ከ900,000 ዶላር የሚበልጥ ካሳ ለመክፈል ተስማማ።

እኛ የሰውን ቃል እየጻፍን የምንኖር ሰዎች ይህን ስናነብ አንድ ነገር አስደነቀን። ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ያለ ሞግዚት ቢዋዋል ውሉ እንደማይጸና በፍርድ አደባባይ ዘወትር እናያለን። ስለ ጥቂት ገንዘብ ይህን ያኽል ጥንቃቄ ሲደረግ፥ ስለ እነዚህ ልጆች አንደበት ግን እውነቱን ዐውቆ እሺ ወይም እንቢ የሚል አንድ ሰው አልቆመላቸውም። ወላጅ ያለው ልጅ ቢኾን እናቱ መምህሩን መጥታ ትጠይቅ ነበር፤ የተመረጡትም ጠያቂ የሌላቸው ስለ ኾኑ ይመስለናል። በ1947 ዓ.ም. በኑረምበርግ በናዚ ሐኪሞች ላይ የፈረዱት ዳኞች ማንም ሰው ሳይፈቅድ ምርመራ እንዳይደረግበት ጻፉ። ዛሬም የአሜሪካ የንግግርና የመስማት ባለሙያዎች ማኅበር ሕግ ከኹሉ አስቀድሞ የታካሚውን ደኅንነት እንዲያስቀድሙ ያዝዛል፤ በርግጥ እናድናለን ብሎ ተስፋ መስጠትንም ይከለክላል።

ኹለተኛው በደል ጋዜጣ አልጻፈለትም። የጆንሰን ሐሳብ በብዙ አገር ስለ ተሰማ ስንት እናት ልጄን ያንተባተብሁት እኔ ነኝ እያለች ስታዝን ኖረች። አኹን ግን የመንተባተብ ምንጭ በይበልጥ በዘርና በአእምሮ አሠራር እንደ ኾነ፥ ወላጅም እንደማያመጣው ታውቋል። ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 5 ዓመት ባለው ዕድሜ ይጀምራል፤ ከ100 ሕፃናት 5 የሚያኽሉትን ያገኛቸዋል፤ አብዛኞቹም ይተዋቸዋል፤ ካደጉት ሰዎች ከ100 አንድ የሚያኽል ብቻ ይቀራል። ባለሙያው ያልተረጋገጠውን እንደ ተረጋገጠ አድርጎ መናገሩ እነሆ ስንቱን ቤት አሳዘነ።

ስለዚህ ልጃችሁን የወሰዳችሁለት ባለሙያ ምን ሊያደርግ እንዳሰበ፥ ለልጁም ምን ብሎ እንደሚነግረው አስቀድማችሁ ብትጠይቁት ድፍረት አይባልም፤ ደግ ባለሙያ ሳትጠይቁት ይነግራችኋል። መንተባተቡ ወራት ቢቈይም ይተወዋል ብላችሁ አትዘግዩ። በቤት ውስጥም ልጁ ሲናገር ፊቱን እያያችሁ ጠብቁት፤ ቃሉን ከአፉ ነጥቃችሁ አትጨርሱለት፤ እንግዳ ባለበትም ተንተባታቢ ብላችሁ አትጥሩት፤ የጀመረውን ነገር እስኪፈጽም ድረስ ወጡ ቢቀዘቅዝም ግድ የለም።