ከሊሾ ላይ ስለሚነሣ ምንጣፍ

ከሆለታ ተነሥቶ በጊንጪ በኩል እስከ አምቦና ጉደር በሚዘልቀው የምዕራብ ሸዋ ምድር፣ በእበት ይለቀለቅ የነበረው ወለል እየቀረ ሊሾ ከተተካበት ወዲህ፣ ይልቁንም በዚሁ አገር የሙገር ሲሚንቶ ፋብሪካ በ1970ዎቹ ዓመተ ምሕረት ሥራውን ጀምሮ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ የዳንጎቴ ፋብሪካ ከተጨመረበት በኋላ፣ ሊሾ ብርዳም ነውና ሞኬት የማይነጠፍበት ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድና እልፍኝ እያነሰ ሄዷል።

ሞኬቱ ከሁሉ ይልቅ የሚፈተነው በቤተ መቅደስ ነው። በሰሙነ ሕማማት ምእመናን ሲሰግዱ ሲነሡ ጉልበትና መዳፍ በአንድ ስፍራ እየተመላለሰ ይገፋዋል፤ በቅኔ ማኅሌትም ሊቃውንቱ መቋሚያ ይዘው ሲያሸበሽቡ እንዲሁ ይሆናል። ክረምት ገብቶ ጾመ ፍልሰታ ሲደርስ ደግሞ ጫማውን ከደጅ የሚያወልቀው ሕዝብ የእግሩን ርጥበት ይዞ ይገባል። እንዲህ እያለ በበሩ አጠገብ ወይም በሁለት ንጣፍ መጋጠሚያ ላይ አንድ ክንድ የሚያህል ቦታ ይነሣና ይነፋል፤ ጽና የያዘ ካህን ወይም ዓይኑ የደከመ አረጋዊ ይደናቀፍበታል።

ይህን ያየ ሰው ብዙ ጊዜ ወዲያው ማስቲሽ ገዝቶ ያፈስበታል። ደዌው ግን ከምንጣፉ ሳይሆን ከሥሩ ነው። ሲሚንቶ ረቂቅ ቀዳዳዎች ያሉት በመሆኑ የምድርን ርጥበት ወደ ላይ ይስባል፤ ጠባዩም እንደ ኖራ ነውና ከእርሱ የሚወጣው ውኃ የማጣበቂያውን ኃይል እየበላ ያመነምነዋል፣ ሲደርቅም ነጭ ዱቄት ትቶ ይሄዳል። ስለዚህ አስቀድሞ ምንጣፉን ገለጥ አድርጎ፣ ክንድ በክንድ የሚሆን ጥርት ያለ ላስቲክ በሊሾው ላይ ዘርግቶ፣ ዳር ዳሩን በፕላስተር አሽጎ አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ማቆየት ይገባል። ከላስቲኩ በታች ጤዛ ከታየ ወይም ሊሾው ከጠቆረ ማጣበቁ ከንቱ ድካም ነው፤ በቅድሚያ የአሸንዳው ፍሳሽ በግድግዳው ሥር እንዳይጠራቀም ቦይ ይቆፈርለት።

ደረቅ ሆኖ ከተገኘ አሮጌው ሙጫ ይፋቅ፤ ነጩ ዱቄት በሽቦ ብሩሽ ተጠርጎ በርጥብ ጨርቅ ይወልወልና ይድረቅ። መዳፍ ሲታሽበት ዱቄት የሚያነሣ ወለል ገና አልጠራም። ከዚህ በኋላ ማስቲሹ በሊሾውም በምንጣፉም ጀርባ በስሱ ተቀብቶ፣ ጣት ሲነካው ክር መሳቡን እስኪተው ይቆያል፤ አንዴ ከያዘ አይንቀሳቀስምና ምንጣፉን ከተያያዘው ወገን ጀምሮ ቀስ እያሉ ማውረድ፣ ነፋሱም ወደ ዳር እንዲወጣ የአምቦ ውኃ ጠርሙስ አጋድሞ እያንከባለሉ መጫን መልካም ነው። የተተለተለ ክር በመቀስ ይቆረጥ እንጂ አይጎተት። የማስቲሽ እንፋሎት በእሳት የሚቀጣጠልና ራስ የሚያዞር ስለ ሆነ መስኮቱ ሁሉ ይከፈት፤ በዚያ ቀን ጧፍና ዕጣን፣ በመኖሪያ ቤትም የቡናው ከሰል ከክፍሉ ይራቅ። እስከ ማግሥቱም ማንም አይርገጠው።

በየአጥቢያው ያላችሁ የሰበካ ጉባኤ አባላትና የመስጊድ ኮሚቴዎች ሆይ፣ ምድሩ ደርቆ ሳለ በጥርና በየካቲት ወለላችሁን በእጃችሁ እየዳበሳችሁ መርምሩ፤ ሰው እስኪወድቅ አትጠብቁ።