በርሜላችን ውስጥ ማን አለ? (ስለ ደንጊ ትኩሳት)

በዛሬው የጤና አምድ ይዤላችሁ የቀረብኩት ስለ ደንጊ ትኩሳት ነው። “ደግሞ ስለ በሽታ!” ብላችሁ ገጹን እንዳታልፉት። ይህ በሽታ እኛ ቤት ገብቶ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ዓመት ታናሽ ወንድሜ ቀን ደህና ውሎ ማታ ላይ ሰውነቱ እንደ እሳት ነደደ። “ራሴን! ዓይኔን ከውስጥ! አጥንቴን!” እያለ አለቀሰ። አያቴ “ወባ ናት” አሉ። ጎረቤታችንም ከቤታቸው የተረፈ የወባ ክኒን ይዘው መጡ። እማዬ ግን “ሳይመረመር ምንም አይውጥም” ብላ ጤና ጣቢያ ወሰደችው። ወባ የለበትም፤ ደሙ ሲመረመር ደንጊ ሆኖ ተገኘ።

ደንጊ ምንድን ነው?

ደንጊ በቫይረስ የሚመጣ በሽታ ነው። ወባን የሚያመጣው ግን ቫይረስ ሳይሆን ፕላዝሞዲየም የሚባል ጥገኛ ተሕዋስ ነው። ስለዚህ የወባ ክኒን ለደንጊ አይሠራም። በአገራችን ደንጊ መኖሩ ለመጀመሪያ ጊዜ የተረጋገጠው እዚሁ ድሬዳዋ፣ በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ነው። ያኔ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ታመዋል። በ2011 ዓ.ም. ክረምት ከተማችንን ያስተኛት ቺኩንጉኒያም የሚተላለፈው በዚያችው በደንጊዋ ቢምቢ ነው።

የቢምቢዋ ስም ኤደስ ኢጂፕታይ ይባላል። ጥቁር ናት፤ እግሮቿ ላይ ነጫጭ ቀለበት አላት። የወባ ትንኝ በሌሊት ስትነክስ ይቺኛዋ ግን የምትነክሰው በቀን ነው፤ በተለይ ጠዋትና ፀሐይ ሊገባ ሲል። ማለትም እኛ ክፍል ውስጥ ስንማር ወይም ኳስ ስንጫወት! የምትነክሰው ሴቷ ብቻ ናት፤ እንቁላል ለመጣል ደም ያስፈልጋታል። የታመመ ሰው ስትነክስ ቫይረሱ ሆዷ ይገባል። ከ8 እስከ 12 ቀን ገደማ ቆይታ ለሌላው ማስተላለፍ ትጀምራለች። በመጨባበጥ ወይም አብሮ በመብላት አይተላለፍም፤ ስለዚህ የታመመ ጓደኛችሁን አትሽሹት። ይልቅ ቀንም ቢሆን አጎበር ውስጥ ይተኛ፤ ቢምቢዋ ከእሱ እንዳትወስድ።

የት ትፈለፈላለች?

ብዙዎቻችን “ቢምቢ የሚመጣው ከቆሻሻ ቦይ ነው” እንላለን። የደንጊዋ ቢምቢ ግን ሰው ቤት አካባቢ የተጠራቀመ ውሃ ነው የምትወደው። በርሜል፣ ባልዲ፣ የተጣለ ጎማ፣ ቆርቆሮ፣ የአበባ ማስቀመጫ ይበቃታል። እንቁላሏን ከውሃው ከፍ ብሎ ግድግዳው ላይ ትለጥፈዋለች። ከእንቁላል እጭ፣ ከእጭ ሙሽሬ፣ ከዚያ በራሪ ቢምቢ ትሆናለች። በሙቀት ጊዜ ይህ ሁሉ ከ7 እስከ 10 ቀን ውስጥ ያልቃል።

ወንድሜ ከታመመ በኋላ በርሜላችንን ከፍቼ አየሁ። ትንንሽ ትል የሚመስሉ ነገሮች እየተጣመሙ ይዋኛሉ። እጮች ናቸው! ወዲያው ልደፋው ስል እማዬ ጮኸችብኝ። “ውሃ እስኪመጣ ምን ልንጠጣ ነው?” አለች። እውነቷን ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር በርሜል መድፋት ቀላል አይደለም። ታዲያ ምን ይሻላል?

መላውን የነገረችን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ናት፦

1ኛ. ውሃውን በንጹሕ ነጠላ አጥልሎ ወደ ጄሪካን መገልበጥና መክደን። የሚጠጣውን አፍልቶ መጠጣት። እጮቹን ደረቅ መሬት ላይ መድፋት።

2ኛ. በርሜሉ ባዶ ሲሆን ግድግዳውን በብሩሽና በሳሙና ፈትጎ ማጠብ። እንቁላሉ ደርቆ እንኳ ለወራት ይቆያል፤ ውሃ ሲነካው ይፈለፈላል። ስለዚህ መድፋት ብቻውን አይበቃም!

3ኛ. በርሜሉን በደንብ መክደን። ክዳን ከሌለ አሮጌ አጎበር አጥፎ ሸፍኖ በገመድ ጥብቅ አድርጎ ማሰር።

4ኛ. ጎማና ቆርቆሮ ውሃ እንዳይዝ ማስወገድ ወይም መብሳት።

ይህን በየሳምንቱ ከሠራን እጯ ክንፍ ሳታወጣ እንቀድማታለን። ቢምቢዋ ሩቅ አትበርም፤ የምትነክሰን ከራሳችን ወይም ከጎረቤት ግቢ የወጣችው ናት። ስለዚህ አንድ ቤት ብቻ ቢያጸዳ አይበቃም።

የታመመ ሰው ካለስ?

ደንጊን ነጥሎ የሚያጠፋ መድኃኒት የለም። እረፍት፣ ብዙ ፈሳሽ (ውሃ፣ አጥሚት፣ ኦአርኤስ) እና ባለሙያ ያዘዘው ፓራሲታሞል ይረዳል። አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ግን ደም ሊያደሙ ስለሚችሉ አይወሰዱም።

ወንድሜ በአራተኛው ቀን ትኩሳቱ ሲበርድለት “ዳንኩ፣ ኳስ ልጫወት” አለ። እማዬ ግን አልፈቀደችም፤ ነርሷ አስጠንቅቃት ነበር። የደንጊ ተንኮሉ እዚህ ጋ ነው፤ የሚከፋው ትኩሳቱ በሚበርድበት ሰዓት ሊሆን ይችላል። ኃይለኛ የሆድ ቁርጠት፣ የማያቋርጥ ትውከት፣ የድድ ወይም የአፍንጫ መድማት፣ ከባድ ድካም ከታየ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም! ቫይረሱ አራት ዓይነት ስለሆነ አንዴ የታመመ ሰው በሌላኛው ዓይነት እንደገና ሊያዝ፣ ሁለተኛውም ሊብስበት ይችላል።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ወንድሜ ድኗል። ዛሬ በርሜሉን የሚፈትገው እሱ ነው።

እንግዲህ የቤት ሥራ ልስጣችሁ፦ ዛሬ ቤት ስትገቡ ቦርሳችሁን አስቀምጡና በርሜላችሁን ክፈቱ። የሚዋኝ ነገር ካያችሁ ለእናንተም ለጎረቤትም ንገሩ።



ከጤና አምድ አዘጋጅ፣ 7ኛ ክፍል