የጨለለቂ ቡና ደብረ ብርሃን ላይ ለምን ጠቆረ?

ነቀምቴ፣ ጨለለቂ በሚገኘው የእናታችን ጓሮ ጥቂት የቡና ዛፎች አሉ፡፡ ደብረ ብርሃን ትዳር የያዘችው ታናሽ እህቴ ከዚያ አምስት ችግኝ ወስዳ በግቢዋ ተከለች፡፡ እስከ ጥቅምት ድረስ ደህና ነበሩ፡፡ ኅዳር ላይ አንድ ማለዳ ብትወጣ ግን ቅጠሉ በሙሉ እሳት እንደለበለበው ጠቁሯል፡፡ አጠገቡ ያለው ጎመን ውርጩ ሲቀልጥለት ቀና ብሏል፡፡ ደውላ፣ «ጋሼ፣ ሁለቱም ያደሩት አንድ ብርድ ላይ አይደለም እንዴ?» አለችኝ፡፡ የባዮሎጂ መምህር ነኝና መልስ ይጠበቅብኛል፡፡

ውርጭ ተክልን የሚገድለው በአብዛኛው ውሃ በማሳጣት ነው፡፡ በሕዋሶች መካከል ያለው ውሃ በረዶ ሲሆን ከሕዋሱ ውስጥ ያለውን ውሃ ይስባል፤ ሕዋሱ ይጨማደዳል፣ ሽፋኑም ይጎዳል፡፡ ጎመን ግን አስቀድሞ ይዘጋጃል፡፡ ከውርጩ በፊት ያሉት ቀዝቃዛ ቀናት ለእርሱ ማስጠንቀቂያ ናቸው፡፡

ይህን አሠራር በሚገባ ያስረዳችው አራቢዶፕሲስ የምትባል የጎመን ዘመድ የሆነች ትንሽ ተክል ነች፡፡ እ.ኤ.አ. በ1997 በአሜሪካ ሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የማይክል ቶማሾው ቡድን ከእርሷ «ሲቢኤፍ1» የተባለውን ጂን ለይቶ አወጣ፡፡ ይህ ጂን እንደ ዋና ማብሪያ ነው፡፡ ብርድ ሲመጣ እርሱና መሰሎቹ በደቂቃዎች ውስጥ ይነሳሉ፤ ሌሎች ብዙ ጂኖችንም ያስነሳሉ፡፡ ያን ጊዜ በሕዋሱ ውስጥ ስኳርና ጠባቂ ፕሮቲኖች ይከማቻሉ፡፡

ታዲያ ቡና ማብሪያው የለውም? ተመሳሳይ ጂኖች አሉት፡፡ ማብሪያ መኖሩ ብቻ ግን አይበቃም፡፡ በቲማቲም ላይ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው ማብሪያው ይሠራል፤ የሚያበራቸው «አምፖሎች» ግን ጥቂት ናቸው፡፡ ቡናም ውርጭ ከማያውቀው ደን የመጣ ነውና ለበረዶ የመዘጋጀት ልማድ የለውም፡፡

«ማብሪያው ሁልጊዜ ይብራለት» ቢባልስ? በአራቢዶፕሲስ ተሞክሯል፡፡ ተክሎቹ ውርጩን ቻሉ፤ ነገር ግን ቀጨጩ፣ አበባቸውም ዘገየ፡፡ ብርድን መቋቋም ዋጋ ያስከፍላል፡፡

ነገሩ ከእህቴ ጓሮ ያልፋል፡፡ ዓለም እየሞቀ ሲሄድ ቡናችን ወደ ከፍታ ቦታ ይውጣ የሚል ምክር ይደጋገማል፡፡ ምክሩ ምክንያት አለው፡፡ ሆኖም የዓመቱን አማካይ ሙቀት ብቻ አይቶ የተተከለ ቡና ሰማዩ ጥርት ባለ አንድ ሌሊት ሊያልቅ ይችላል፡፡ ከመትከል በፊት ስለ ኅዳር ሌሊት የአካባቢውን ገበሬ መጠየቅ ይበጃል፡፡

እህቴ አዲስ ችግኝ አስልካለች፡፡ ዘንድሮ የምትተክለው በባልዲ ነው፤ ከጥቅምት ጀምሮ ማታ ማታ ቤት ታስገባዋለች፡፡