ኦቾሎኒው ምጣድ ላይ ከመውጣቱ በፊት

ሐረር፣ ሸዋ በር ገበያ ኦቾሎኒ ስገዛ ሁልጊዜ የማደርገው ነገር አለ። እጄን ወደ ጆንያው ውስጥ እሰድና ከሥር አንድ እፍኝ ዘግኜ መዳፌ ላይ እዘረጋለሁ። ከላይ ያለው መቼም ያማረ ነው። ሻጯን «አዴ፣ የየት አገር ነው?» ስላቸው መልሱ ባቢሌ፣ ጉርሱም ወይም ፈዲስ ይሆናል፤ አንዳንዴ ደግሞ ከጀጎል ግንብ ወጣ ብላ ካለችው የሐረሪ ክልል ገጠር፣ ከሶፊ የመጣ ነው። ከእፍኙ መሀል የጠቆረና የተጨማደደ ፍሬ አንስቼ ሳሳያቸው ግን የማገኘው መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ሲቆላ ይጠፋል፣ ልጄ።»

አይጠፋም። ሴትዮዋ ሊያታልሉኝ ፈልገው አይደለም፤ ራሳቸውም የሚበሉት ከዚያው ጆንያ ነው። ከምሥራቅ ሐረርጌ እስከ አዲስ አበባ ብዙ ሰው የሚያምነውን ነው የነገሩኝ። ዛሬ የምነግራችሁ የኦቾሎኒ ማጥቀሻ ደግሞ ፍሬውን እንዳለ ፈጭተን የምንበላው ስለሆነ፣ ይህን እምነት ሳያስተካክሉ ስለ አሠራሩ ማውራት አልወድም።

ነገሩ ከአበቃቀሉ ይጀምራል። ኦቾሎኒ ቢጫ አበባውን የሚያወጣው ከመሬት በላይ ነው። አበባው ሲረግፍ መርፌ የመሰለ ቀጭን ዘንግ ወደ ታች ይወርድና አፈሩን ይወጋል፤ ፍሬው የሚያድገውና የሚበስለው እዚያው አፈር ውስጥ ነው። አፈር ውስጥ ደግሞ አስፐርጂለስ ፍላቩስ የሚባል ሻጋታ ይኖራል። ዝናቡ ቀድሞ ከቆመና ተክሉ በመጨረሻው ወር ከተጠማ፣ ምስጥ ቅርፊቱን ከበሳው፣ ከተነቀለ በኋላ ሳይደርቅ ከተከመረ ወይም ለመፈልፈል እንዲላላ ተብሎ ውሃ ከተረጨበት፣ ሻጋታው ገብቶ አፍላቶክሲን የሚባለውን መርዝ ያመነጫል። ስሙም የወጣው ከዚሁ ሻጋታ ስም ነው። ዓለም ያወቀውም በኦቾሎኒ ምክንያት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1960 እንግሊዝ ውስጥ ከ100,000 በላይ የቱርክ ዶሮዎች ምክንያቱ ሳይታወቅ ሲያልቁ፣ በመጨረሻ ጥፋቱ የተገኘው ከብራዚል በመጣ የኦቾሎኒ ፋጉሎ ላይ ነበር። በሰው ላይ ለረጅም ጊዜ ሲጠራቀም ጉበትን ይጎዳል፤ የጉበት ካንሰር እንደሚያመጣም በማያሻማ ሁኔታ የተረጋገጠ ነው።

የእኛም አካባቢ ከዚህ ነፃ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመ ጥናት ከምሥራቅ ኢትዮጵያ ከተሰበሰቡ 120 የኦቾሎኒ ናሙናዎች በ93ቱ ላይ አፍላቶክሲን ተገኝቷል። ይህን ቁጥር የማነሳው ኦቾሎኒያችንን ለማስጠላት አይደለም። ኦቾሎኒ ለሶፊና ለባቢሌ ገበሬ ልጅ ማስተማሪያ ብር ነው፤ ምርቱ በደንብ ደርቆ፣ ተለቅሞ፣ በዋጋው እንዲሸጥ ነው የምፈልገው።

ወደ ምጣዱ እንመለስ። ኦቾሎኒ የሚቆላው ከ150 እስከ 180 ዲግሪ ባለ ሙቀት ነው። አፍላቶክሲን ፈርሶ እንዲያልቅ ግን ከ230 ዲግሪ በላይ ያስፈልገዋል፤ እዚያ ከመድረሱ በፊት ኦቾሎኒው ከሰል ይሆናል። መቁላት ሻጋታውን ራሱን ይገድላል፣ ከመርዙም የተወሰነውን ይቀንሳል። የቀረው ግን ከፍሬው ጋር አብሮ ይበላል። መቀቀልም ሆነ ጨውና ሎሚ ማብዛት ይህን አይለውጠውም።

የሚለውጠው ሰፌድና ዓይን ነው። መርዙ በጆንያው ውስጥ እኩል አይሰራጭም፤ በጥቂት የተጎዱ ፍሬዎች ላይ ተከማችቶ ይገኛል። ስለዚህ እነሱን ነጥሎ ማውጣት ትልቅ ለውጥ ያመጣል። እኔ ሁለት ጊዜ እለቅማለሁ። መጀመሪያ ጥሬውን ሰፌድ ላይ አሳስቼ ዘርግቼ የተጨማደደውን፣ የከሳውን፣ ቆዳው የጠቆረውን፣ የበቀለውን፣ የተሰበረውንና አረንጓዴ ወይም ግራጫ ብናኝ ያለበትን አወጣለሁ። ከዚያ በቀስታ እሳት፣ እጄን ሳላሳርፍ እያማሰልኩ እቆላዋለሁ፤ ገና ትኩስ እያለ በንጹሕ ጨርቅ አሽቼ ቆዳውን አበጥራለሁ። አሁን ፍሬው ለሁለት ይከፈታል። ውስጡ የዝሆን ጥርስ የመሰለ፣ ወጥ ቀለም ያለው ከሆነ መልካም ነው። ከብዙዎቹ መሀል አንዷ ግን ስትከፈት ውስጧ ቢጫ ሆኖ ወይም መሀሏ ላይ ጥቁር ክር ይዛ ትገኛለች፤ ከላይ ስትታይ ከጓደኞቿ በምንም አትለይም ነበር። ለሁለተኛው ለቀማ የምደክመው ለእሷ ነው። መርዙ ጣዕምም ሽታም ስለሌለው ለቀማ አደጋውን ይቀንሳል እንጂ ፈጽሞ አያጠፋውም። መራራ ፍሬ አፍ ውስጥ ከገባ ግን ይሉኝታ ሳይዝ መትፋት ነው።

የተለቀመውን መጥፎ ፍሬ «ለዶሮ ይሁን፣ ለላሚቱ ይሁን» ማለትም የተለመደ ነው። ዶሮም በዚህ መርዝ ትጎዳለች፤ ላም ከበላችው ደግሞ መልኩን ለውጦ ወደ ወተቷ ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ የአዲስ አበባና አካባቢዋ ጥናት ከተመረመሩት 110 የወተት ናሙናዎች መርዙ ያልተገኘበት አንድም አልነበረም፤ እዚያ ዋናው ተጠያቂ የኑግ ፋጉሎ ቢሆንም መንገዱ ያው ነው። መጥፎው ፍሬ መቀበር ወይም መቃጠል አለበት።

ለቀማው ካለቀ ማጥቀሻው የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። «ያለ ልዩ ማሽን አይሆንም» የሚባለው ትክክል አይደለም፤ የቤት ብሌንደር ይበቃል፣ ሙቀጫም ጊዜ ይወስዳል እንጂ ይሠራዋል። የሰውን ተስፋ የሚያስቆርጠው ትዕግሥት ማጣቱ ነው። 200 ግራም የሚሆን ትኩስ ኦቾሎኒ ስትፈጩ በመጀመሪያ እንደ በሶ ዱቄት ይሆናል፤ ቀጥሎ ተሰብስቦ እየተጓጎለ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። ብዙ ሰው «አልሆነልኝም» ብሎ ዘይት የሚጨምረው እዚህ ላይ ነው። አትጨምሩ። ብሌንደሩን አሳርፉት፣ የተለጠፈውን በማንኪያ አውርዱና ቀጥሉ። የኦቾሎኒ ግማሽ ክብደት የራሱ ዘይት ነው፤ ደቂቃዎች ሲቆጠሩ ዘይቱ ይወጣና ሊጡ በድንገት ይለሰልሳል፣ ያብለጨልጫል።

ከዚህ በኋላ የሚመጣውን እኔም ለዓመታት ስቼዋለሁ። ከለሰለሰው የኦቾሎኒ ቅቤ አራት ማንኪያ ሳሕን ላይ አድርጌ ለማቅጠን ጥቂት ውሃ ጠብ ሳደርግ፣ መቅጠኑ ቀርቶ ድርቅ ብሎ እንደ ጭቃ ይያያዝብኛል፤ መልኩም ይነጣል። «ውሃ አበላሸው» ብዬ ስንት ጊዜ ዘይት ጨምሬ ለጥርስም ለሆድም የሚከብድ ነገር አቅርቤአለሁ። ውሃ አላበላሸውም ነበር፤ ውሃው አንሶት ነው። ፕሮቲንና ስታርች ያለባቸው ደቃቅ ፍሬዎች በዘይት ውስጥ ተበትነው ሳለ ጥቂት ውሃ ሲያገኙ እሱን ተሻምተው እርስ በርስ ይጣበቃሉ። ለብ ያለ ውሃ በማንኪያ በማንኪያ እየጨመራችሁ ስትመቱት ውሃው ያሸንፍና ዘይቱ በደቃቅ ጠብታ ተበትኖ ይገባል፤ ያ ጭቃ የመሰለው ነገር እንደ ወፍራም አጥሚት ለስልሶ ይወርዳል። ውሃው ፈልቶ ለብ ያለ ይሁን፣ ዳግመኛ እሳት ላይ የሚወጣ አይደለምና። እሳት ላይ ካወጣችሁት ቶሎ ይይዛል፣ ያርራል፤ ፍሬው ቀድሞውኑ በቁላቱ በስሏል።

ማጣፈጫው የየቤቱ ነው። እኔ አንድ ፍልቃቂ ነጭ ሽንኩርት እደቁስበታለሁ፣ አንድ ቃሪያ ከነፍሬው፣ የግማሽ ሎሚ ጭማቂ፣ ጨው፣ በማንኪያ ጫፍ ማር። ኢንዶኔዥያዎች ለሥጋ ጥብሳቸው፣ ሴኔጋሎች ለወጣቸው ኦቾሎኒ ሲፈጩ ዘመናት ቆይተዋል። እኛ ጋ ደግሞ ፍሬው ከኤርትራ በኩል ከጣሊያኖች ጋር ሐረርጌ የገባው እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ነው፤ መቶ ዓመት የሞላው እንግዳ ነው። በአፍጥር ሰዓት ከሳምቡሳ ጋር፣ በጾም ከተቀቀለ ድንች ጋር ስታቀርቡት የሌላ አገር ምግብ ነው የሚል አይኖርም።

ስለ ኦቾሎኒ የሚነገር ሌላም አለ። «ዘይታም ስለሆነ ኮሌስትሮል አለው» የሚለው በአጭሩ ስሕተት ነው፤ ኮሌስትሮል ከእንስሳት የሚመጣ እንጂ በእህል ውስጥ የሚገኝ አይደለም። «የጾም ስለሆነ ቀላል ነው» የሚለውም እንዲሁ፤ መቶ ግራሙ ከ550 ካሎሪ በላይ ይዟል፣ ፕሮቲኑም ሩቡን ያህል ነው። በምግብ እጥረት ለተጎዱ ሕፃናት የሚሰጠው ፕላምፒ ነት ኦቾሎኒን መሠረት ያደረገው ለዚህ ነው።

ስለ ሕፃናት ካነሳን፣ «እስከ ሦስት ዓመት አይነካ» የሚለው ምክር ተሽሯል። እንግሊዝ ውስጥ በ640 ሕፃናት ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት፣ ከመጀመሪያው ዓመታቸው ጀምሮ የቀመሱት ከተከለከሉት ይልቅ በኦቾሎኒ አለርጂ እጅግ ያነሰ መያዛቸውን አሳይቷል። ከባድ የቆዳ አለርጂ ያለበት ሕፃን ግን አስቀድሞ ሐኪም ይየው። ለሌላውም ቢሆን ማጣፈጫ ያልገባበት፣ በውሃ በደንብ የቀጠነው ቅቤ በማንኪያ ጫፍ እንጂ ሙሉ ፍሬ አይሰጥም፤ ሙሉ ፍሬ የትንሽ ልጅን ጉሮሮ ይዘጋል።

የኦቾሎኒ ስምም ያደናግራል። በዐረብኛ ለውዝ ማለት ሌላ፣ ዛፍ ላይ የሚበቅል ፍሬ ነው፤ በአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ የአሮን በትር ያፈራችውም እሱን ነው። ገበያችን ግን ኦቾሎኒንም ለውዝ ይለዋል። ኦቾሎኒ በዘሩ የአተርና የባቄላ ዘመድ ነው። አለርጂ ያለበት እንግዳ ቤታችሁ ካለ «ለውዝ አለበት» ብቻ ብላችሁ አትለፉ፣ የትኛው እንደሆነ ንገሩት።

የተረፈው ቅቤ ውሃ ካልነካው በተከደነ ብልቃጥ፣ ብርሃን በማይደርስበት ቦታ ለሳምንታት ይቆያል። ሲያድር ዘይቱ ከላይ ይንሳፈፋል፤ ተበላሸ ብላችሁ አትድፉት፣ በደረቅ ማንኪያ አማስሉት። ውሃና ነጭ ሽንኩርት የገባበት ማጥቀሻ ግን ፍሪጅ ውስጥም ቢሆን ከሦስት ቀን በላይ አያድርባችሁ።