የወታደር ኮት እንደ ታሪክ ምስክር

በሳሪስ አቦና በአቃቂ መካከል ላደገ ወጣት ጨርቅ እንዴት እንደሚሠራ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው፤ አቃቂ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዋ ስሟ ሲጠራ የኖረ ስፍራ ናትና። ነገር ግን ጨርቅ ገላን ከመሸፈኑ በላይ የታሪክ ምስክር ሊሆን እንደሚችል ልብ የሚል ሰው ጥቂት ነው።

ለምሳሌ ያህል በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን ወታደር ይለብሰው የነበረውን ኮት እንመልከት። ይህ ኮት ዛሬ በአውሮፓ የጦር ቤተ መዘክሮች ከመስተዋት በስተኋላ ቆሞ ይታያል። የጎብኚው ዐይን በመጀመሪያ የሚያርፈው በቀኝ ደረቱ ላይ በተሰፋው ንስር ነው፤ የታሪክ ዐዋቂው ግን ኪሱን፣ ገበሩንና ክሩን ይመረምራል።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1936 የወጣው ኮት አንገትጌው ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ አራቱም ኪሶቹ ሽንሽን ነበራቸው። ጦርነቱ ሲረዝም በመጀመሪያ የአንገትጌው ልዩ ቀለም ቀረ፤ ቀጥሎ የኪሱ ሽንሽን ቀረ፤ በ1944 የወጣው ደግሞ ከወገብ የማያልፍ፣ ሁለት ኪስ ብቻ ያለው አጭር ኮት ሆነ። ሱፉም እያነሰ፣ ከእንጨት የሚገኘው ራዮን የተባለው ሰው ሠራሽ ክር እየበዛበት ሄደ። ይኸውም ጀርመን ሱፍ በብዛት ከውጭ አገር ታስገባ ስለ ነበር፣ የባሕሩ መንገድ ሲዘጋባት የምትሸምነው ስላጣች ነው። ራዲዮው ስለ ድል ሲያወራ ኮቱ ስለ ችግር ይናገር ነበር ማለት ነው።

ከዚህ የከፋም ምስክርነት አለው። በፖላንድ በሎጅ ከተማ በአጥር ውስጥ የታገቱ አይሁዳውያን፣ በረኃብ እየተሠቃዩ ለጀርመን ጦር የደንብ ልብስ እንዲሰፉ ተገደው ነበር። በ1944 ሰፈሩ ሲዘጋ ከቀሩት አብዛኞቹ ወደ ኦሽቪትዝ ተወሰዱ፤ ከእነዚያም ብዙዎቹ ተገደሉ። እንግዲህ እንዲህ ያለ ልብስ የሚጠበቀው ለባሹን ለማክበር ሳይሆን የተደረገው ነገር እንዳይካድ ነው።

የአጥፊ ልብስ እንኳ ለምስክርነት ከተጠበቀ የወገን ልብስ እንደምን ይጣላል? በራስ መኰንን የፈረስ ስም የተጠራው የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ ሲዘምት፣ ከአዲስ አበባ እስከ ጅቡቲ የተጓዘው በባቡር፣ በዚሁ በአቃቂ በኩል ነበር። ወታደሮቹ በዚያ ብርቱ ብርድ የአሜሪካ ጦር የሰጣቸውን ልብስ ለብሰው ተዋጉ። ከ120 በላይ ሞቱ፤ ከ500 በላይ ቆሰሉ፤ የተማረከ ግን አልነበረም። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ መንግሥቱ ከሰሜን ኮሪያ ጋር ስለ ተወዳጀ፣ ይህን ዘመቻ በአደባባይ ማንሣት የማይመች ሆኖ ቆየ። ዛሬ በአዲስ አበባ በአፍንጮ በር፣ በደቡብ ኮሪያም በቹንቾን ከተማ መታሰቢያ ቆሞላቸዋል።

ስለዚህ ከአባቱ ወይም ከአያቱ የወረሰው የዘመቻ ኮት በሣጥኑ ያለ ሰው አይጠበው፤ አይተኩሰው፤ የወለቀውን ቁልፍ በአዲስ አይተካ። እድፉም ጥገናውም የታሪኩ ክፍል ነውና። ከፀሐይ፣ ከእርጥበትና ከብል ይጠብቀው። ከሁሉ አስቀድሞ ግን የማን እንደ ነበረ፣ መቼና የት እንደ ተለበሰ በወረቀት ጽፎ ከልብሱ ጋር ያኑር። ይህ ካልተደረገ፣ አንድ ቀን ቤት ሲጸዳ የኮሪያው ዘማች ኮት ከአሮጌ ጫማ ጋር ለልዋጭ መሰጠቱ አይቀርም።