ለግብዣ የሚሆን የሚያቃጥል የፍራፍሬ መጠጥ

በትምህርት ቤት መጽሔት ላይ ስለ መጠጥ መጻፌ ለመምህራኖቻችንና ለወላጆቻችን እንግዳ ነገር ይመስላቸው ይሆናል። ነገር ግን የምጽፈው ስለማያሰክር መጠጥ ነውና አንባብያን ሳይፈርዱብኝ ጥቂት እንዲታገሡኝ እለምናለሁ።

ነገሩ የተነሣው ከአባቴ ነው። አባቴ ጉበታቸውን ታመው ሐኪም አልኮል ከከለከላቸው ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ትእዛዙን አክብረው ይኖራሉ፤ ሆኖም በሠርግም ሆነ በማኅበር ጓደኞቻቸው ጠጁን ሲጨብጡ እሳቸው አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ይዘው ከልጆች ጋር መቈጠራቸው ያሳፍራቸዋል። አንድ ቀን ከሠርግ ሲመለሱ «ልጄ፥ የናፈቀኝ ስካሩ አይደለም፤ ጕሮሮን ያዝ የሚያደርገው ነገር ነው፤ ለስላሳው እኮ ስኳር ብቻ ነው» አሉኝ። ይህን እንድጽፍም ፈቅደውልኛል። ስለዚህ እኛ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ወላጆቻችንን ጠርተን የስንብት ግብዣ ለማድረግ በወሰንን ጊዜ፥ የመጠጡን ሥራ ለእኔ ተዉልኝ ብዬ ተነሣሁ።

በመጀመሪያ ጕሮሮን የሚይዘው ነገር ምን እንደ ሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። በአፋችንና በጕሮሯችን በሚገኙት የስሜት ነርቮች ላይ እንደ በር የሚከፈትና የሚዘጋ ፕሮቲን አለ። ይህ በር 43 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ የሆነ ሙቀት ሲነካው ይከፈትና የመቃጠልን መልእክት ወደ አንጎል ይልካል። በቃሪያና በበርበሬ ውስጥ ያለው ካፕሳይሲን የተባለው ንጥረ ነገርም ይህንኑ በር ይከፍታል፤ ስለዚህ ቃሪያ የበላ ሰው «አቃጠለኝ» ቢል አንጎሉ የነገረውን መናገሩ ነው እንጂ አፉስ በእውነት አልነደደም። ይህን በር ዴቪድ ጁሊየስ የተባሉት አሜሪካዊ ሊቅ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1997 ለይተው አወቁት፤ በ2021ም የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆኑ። እኔን ያስደሰተኝ ግን ሌላው ነገር ነው፤ ይኸውም አልኮል ራሱ ይህንኑ በር እንደሚነካ በ2002 በጥናት መገለጡ ነው። አረቄ ጕሮሮን የሚፈጀው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። ዝንጅብልም የሚያቃጥለው በዚሁ በር በኩል ነው። እንግዲህ አባቴን የናፈቃቸው ስሜት ያለ አልኮል ከሰፈራችን ጉልት ሊገዛ ይችላል ማለት ነው።

የመጀመሪያው ሙከራዬ አልሠመረም። ስድስት ቃሪያ እንዳለ ከስኳር ውሃ ጋር ሃያ ደቂቃ አፈላሁና ለታናሽ ወንድሜ አቀመስሁት። ልጁ አለቀሰ፤ ውሃ ቢጠጣም አልተሻለው። እናቴ መጥተው ወተት ቢሰጡት ቀለል አለለት፤ የቀረውን ቍጣ ግን እኔ ተቀበልሁ። ካፕሳይሲን በውሃ አይሟሟም፤ በወተት ውስጥ ያለው ኬዚን የተባለው ፕሮቲን ግን ይዞ ያጥበዋል። ደግሞም የሚያቃጥለው ፍሬው ነው የሚባለው ስሕተት ነው፤ ካፕሳይሲኑ በብዛት የሚገኘው ፍሬው በተጣበቀበት በነጩ ሥጋ ላይ ነውና እርሱን በቢላዋ ፍቆ ማውጣት ይገባል። ይህን ሲሠሩ በእጅ ዓይንን መንካት አይገባም፤ እኔ ነክቼ አይቼዋለሁ።

ቃሪያም ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ከአንድ መደብ ከተገዙት ሁለት ቃሪያዎች አንዱ እንደ ሣር፥ ሌላው እንደ እሳት ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ እያንዳንዱን ከተንጠለጠለበት በኩል ትንሽ ቈርጦ መቅመስ ነው። ዊልበር ስኮቪል የተባሉት አሜሪካዊ የመድኃኒት ባለሙያ በ1912 የበርበሬን ኀይል የለኩት፥ ጭማቂውን ማቃጠሉ እስኪጠፋ ድረስ በስኳር ውሃ እያቀጠኑ ለሰዎች በማቅመስ ነበር። እኔም በወጥ ቤታችን ያደረግሁት ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ እኔ ማቃጠሉ ሳይጠፋ መቆሜ ብቻ ነው።

ከብዙ ሙከራ በኋላ ያገኘሁት ልክ ለአሥር ሰው የሚከተለው ነው። በግማሽ ሊትር ውሃ ውስጥ 200 ግራም ስኳር፥ የአውራ ጣት ያህል ሁለት ራስ ዝንጅብል ተከትፎና የሦስት ኮረሪማ ፍሬ ተወቅጦ ለአሥር ደቂቃ ይፈላል። ከእሳት ከወረደ በኋላ ከነጩ ሥጋ የጸዱ ሁለት ቃሪያዎች ተቈራርጠው ይጨመሩና አምስት ደቂቃ ቈይቶ ይጠለላል። ከዚያ የሁለት አናናስ፥ የአምስት ብርቱካንና የአራት ሎሚ ጭማቂ ይደባለቅበትና ይቀዘቅዛል። ሎሚውን መቀነስ አይገባም፤ ጣፋጩን የሚያርመው እርሱ ነው። ትኩሱን ቀምሶ መፍረድም ያታልላል፤ ሙቀቱ ራሱ ያንን በር ስለሚነካው ከልኩ በላይ የሚያቃጥል ይመስላል። በደንብ ከቀዘቀዘ በኋላ አንድ ጕንጭ ጠጥቶ አንድ ደቂቃ መጠበቅ ያሻል፤ ቃሪያ ዘግይቶ ይመጣልና። በመጨረሻ፥ እንግዳው ከተቀመጠ በኋላ ብቻ፥ አንድ ሊትር ቀዝቃዛ አምቦ ውሃ ይጨመርበታል። አስቀድሞ ከተጨመረ ጋዙ ይወጣና የደከመ መጠጥ ይሆናል። በረዶ የሚያስፈልግ ከሆነ ከተፈላ ውሃ ይሠራ።

ለደፋሮች የብርጭቆውን አፍ በሎሚ ቀብቶ ሚጥሚጣና ስኳር በተቀላቀለበት ሳሕን ላይ መድፋት ነው። በሚጥሚጣው ውስጥ ጨውና ኮረሪማ ስላለ ከአናናሱ ጋር ይስማማል። አናናስና ቃሪያ የአሜሪካ ምድር ተወላጆች ናቸው፤ ዝንጅብልና ብርቱካን ከእስያ መጡ፤ ኮረሪማው ግን የገዛ አገራችን ነው።

ለግብዣው ይህን ልክ ስድስት ጊዜ አባዛሁት። ቀኑ ረቡዕ ስለ ነበረ ቃሪያው ለሚበረታባቸው ጾመኞች ወተት ማቅረብ አይቻልም፤ በወተት ፈንታ ዳቦና ሙዝ በየጠረጴዛው አስቀመጥን። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ከአንድ ጆግ ቀዳ፤ ለማንም የተለየ ጠርሙስ መፈለግ አላስፈለገም።

አባቴ የመጀመሪያውን ጕንጭ ወስደው ዝም አሉ። እኔ ከጆጉ አጠገብ ሆኜ እመለከታቸው ነበር። ጥቂት ሳሉና መሐረባቸውን አውጥተው ግንባራቸውን ጠረጉ፤ ከዚያም በቀኛቸው ወደ ተቀመጡት የጓደኛዬ አባት ዘወር ብለው «ይህን ይቅመሱት እስቲ» አሏቸው። ሁለተኛውን ብርጭቆ ስቀዳላቸው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «በሚመጣው ጊዜ ቃሪያውን ሦስት አድርገው» አሉኝ።