ስለ ስክሪን ቀረጻ፤ አገልግሉና ድርቆሹ

በዛሬው ጊዜ ከኮምፒውተር ስክሪን ላይ ትምህርት ቀርጾ ለጓደኛው የሚያካፍል ተማሪ እየበዛ ሄዷል። ዳሩ ግን ቀረጻው በምን ፎርማትና በምን ኮዴክ ቢቀመጥ ኋላ ለመቁረጥና ለመቀጠል ይመቻል ብሎ አስቀድሞ የሚያስብ ጥቂት ነው። እኔም ሳያስቡ ከጀመሩት አንዱ ስለ ነበርሁ፥ የደረሰብኝን ገልጬ የተማርሁትን ላካፍላችሁ ይህን ጽሑፍ አዘጋጀሁ።

ባለፈው ዓመት ከዘጌ የሚመጣ አንድ የክፍላችን ልጅ ታሞ ወደ ቤተ ሰቡ ሄደ። ለብሔራዊው ፈተና የቀረው አምስት ሳምንት ብቻ ነበር። ያመለጠውን የሒሳብ ትምህርት ቀርጬ፥ ቅዳሜ ጧት ከባሕር ዳር በጀልባ ለምትመለሰው እኅቱ በፍላሽ እንድሰጣት ቃል ገባሁ። ዓርብ ማታ ባትሪ በሌለው ኮምፒውተር ላይ በኤምፒ4 መቅረጽ ጀመርሁ፤ በ38ኛው ደቂቃ መብራት ጠፋ። መብራቱ ሲመለስ ፋይሉ በቦታው ተቀምጧል፤ ነገር ግን አልከፈት አለኝ። ሌሊቱን የስልኬን ስክሪን እንደ ገና ቀረጽሁ፤ ኤዲት ሳደርገው ደግሞ ድምፄ ከጽሕፈቱ እየቀደመ ሄደ። ጀልባዋም ፍላሹን ሳትይዝ ሄደች።

ለመሆኑ ስሕተቱ የት ነበር? ከሁሉ አስቀድሞ ፎርማትና ኮዴክ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ማወቅ ይገባል። ኤምፒ4፥ ኤምኬቪና ሞቭ የሚባሉት ፎርማቶች ሥዕሉንና ድምፁን አንድ ላይ የሚይዙ አገልግሎች ናቸው። ኮዴክ ግን በአገልግሉ ውስጥ ያለው ምግብ የተዘጋጀበት ዘዴ ነው።

ተራው ኤምፒ4 እያንዳንዱ ሥዕል በፋይሉ ውስጥ የት እንዳለ የሚያመለክተውን ማውጫ የሚጽፈው ቀረጻው ሲያበቃ ነው። ማውጫው ሳይጻፍ መብራት ከጠፋ፥ ሥዕሉ ሁሉ እያለ ፈልጎ የሚያገኘው የለም። ኤምኬቪ ግን የቀረጸውን በየጥቂቱ እየዘጋ ስለሚሄድ፥ መብራት ቢጠፋ የምናጣው የመጨረሻዋን ጥቂት ክፍል ብቻ ነው። ኦቢኤስ ስቱዲዮ የተባለው ነፃ ፕሮግራም በኤምኬቪ የተቀረጸውን፥ ሥዕሉን ሳይነካ፥ ወደ ኤምፒ4 ያዛውራል፤ አገልግሉ ይለወጣል እንጂ ምግቡ ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ መብራት ቢጠፋም የማይበላሽ ሀይብሪድ ኤምፒ4 የሚባል ተጨምሮበታል።

አሁን ወደ ኮዴክ እንለፍ። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ኤች.264፥ በ2013 የወጣው ኤች.265ና በ2018 የወጣው ኤቪ1 እንጀራውን ድርቆሽ የሚያደርጉ ናቸው። ድርቆሽ ለስንቅ ቀላል ነው፤ ሊበላ ሲል ግን መራስ አለበት። እነዚህ ኮዴኮች አንዱን ሥዕል ሙሉውን ይጽፉና፥ በሚቀጥሉት ላይ የተለወጠውን ብቻ ይመዘግባሉ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ለሚያይ ሰው ይህ አያስቸግርም። ኤዲት የሚያደርግ ሰው ግን ወዲያና ወዲህ ይዘላል፤ ኮምፒውተሩም ከመካከል አንዱን ሥዕል ለማሳየት ወደ ኋላ ተመልሶ ከሙሉው ሥዕል ጀምሮ ማስላት ይኖርበታል። የሚንቀራፈፈው በዚህ ምክንያት ነው። ኤክስ264 የተባለው ጨማቂ፥ ካልታዘዘ በቀር፥ ከአንዱ ሙሉ ሥዕል እስከ ሌላው እስከ 250 ሥዕል ድረስ ይሄዳል፤ ይህም በሰኮንድ 30 ሥዕል ሲቀረጽ ከ8 ሰኮንድ ይበልጣል። «ኪፍሬም ኢንተርቫል» የሚለውን 1 ሰኮንድ ብናደርገው ግን ሥራው እጅግ ይቀላል።

ፕሮሬስና ዲኤንኤክስኤችአር የተባሉት ኮዴኮች እያንዳንዱን ሥዕል ሙሉ አድርገው ስለሚይዙ እንደ ትኩስ እንጀራ ናቸው፤ ለኤዲት የሚወዳደራቸው የለም፤ ነገር ግን ከባዶች ናቸው። ፕሮሬስ 422 በ1920 በ1080 መጠን፥ በሰኮንድ 30 ሥዕል፥ በደቂቃ 1.1 ጊጋባይት ያህል ይፈጃል፤ 40 ደቂቃ ትምህርት 44 ጊጋባይት ሆነ ማለት ነው። በሰኮንድ 12 ሜጋቢት የተቀረጸ ኤች.264 ግን በደቂቃ 90 ሜጋባይት ስለሆነ፥ 40ው ደቂቃ በ3.6 ጊጋባይት ያልቃል።

የስልኬ ስሕተት ደግሞ ሌላ ነው። ብዙዎቹ ስልኮች ስክሪን ሲቀርጹ በየሰኮንዱ የሚይዙት የሥዕል ቍጥር አንድ ዓይነት አይደለም፤ አንዳንዱ የኤዲት ፕሮግራም ግን እኩል ነው ብሎ ስለሚቈጥረው ድምፁና ሥዕሉ ይለያያሉ። መድኀኒቱ ኤዲት ከመጀመሩ በፊት ሀንድብሬክ በተባለው ነፃ ፕሮግራም ቍጥሩን እኩል ማድረግ ነው።

እንግዲህ በሦስተኛው ጊዜ እንዲህ አደረግሁ። ለመቅረጽ፤ ኤምኬቪ፥ ኤች.264፥ በሰኮንድ 30 ሥዕል፥ ሙሉ ሥዕል በየሰኮንዱ፤ መጠኑም የስክሪኑ የራሱ 1366 በ768። መጠኑን መቀነስ ፊደልን ያደበዝዛል፤ «ቡ»ን ከ«ቢ» የሚለየው የአንዲት ጭረት ቦታ መሆኑን አትርሱ። ለኤዲት፤ ኮምፒውተሬ ደካማ ስለሆነ ሾትከት በተባለው ነፃ ፕሮግራም ፕሮክሲ፥ ማለት ለሥራው ጊዜ ብቻ የሚያገለግል ቀላል ቅጂ፥ አዘጋጀሁ። ለመላክ፤ በሰኮንድ 2 ሜጋቢት ኤምፒ4 አድርጌ 40ውን ደቂቃ በ600 ሜጋባይት ጨረስሁት። ፋት32 በሚባለው ስልት የተዘጋጀ ፍላሽ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል እንደማይቀበልም በዚያው ተማርሁ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ፍላሹ ዘጌ ደረሰ፤ ጓደኛዬም በዚያው ቀን በስልኩ ማጥናት ጀመረ። ያለፈችው ሳምንት ግን ለእርሱ ተመልሳ አልመጣችለትም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፥ እኔ ቅንብሩን ለማየት የቈጠብኋት አምስት ደቂቃ እርሱን ሰባት ቀን አስከፈለችው።

ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ መቅረጫውን ከመጫናችሁ በፊት፥ «መብራት ቢጠፋ ምን ይተርፈኛል? ኤዲት ሳደርግስ ይታዘዘኛል?» ብላችሁ ጠይቁ። ድርቆሹ ለመንገድ ነው፤ ለመንገድ የሚሆነው ግን ሥራው ካለቀ በኋላ ነው። የአንድ ደቂቃ ሙከራ ቀርጻችሁ፥ ቈርጣችሁ፥ ድምፁንም አዳምጣችሁ ጀምሩ፤ በወደቡ ላይ የሚጠብቃችሁ ሰው አለና።